ስምህን እስከ አያትህ

በሆሳዕና አብያተ ክርስቲያናት ከስብከት በፊት ለምስክርነት ሰዓት ይሰጣል። ከሕመም የተፈወሰ ይነሣል፤ ከመንገድ የተመለሰ ይነሣል፤ ልጇ ሳውዝ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ መግባቱን በስልክ የሰማች እናት እያለቀሰች ትነሣለች። እኔም ከታንዛንያ እስር ቤት በተመለስኩ ሰሞን ተነሥቼ እግዚአብሔር እንዳወጣኝ ተናግሬያለሁ። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። ያ ሰዓት ግን አጭር ስለሆነ በማን እጅ እንዳወጣኝ ለመናገር አልበቃኝም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው፤ ስለ አንድ መምህርና አብረውኝ ስለታሰሩ አራት ጓደኞቼ። ዛሬ ደስተኛ ሰው ነኝ። ፎቅ አልሠራሁም፣ መኪና አልገዛሁም፣ ጆሃንስበርግንም በዓይኔ አላየሁም። ያለኝን ደስታ ያገኘሁት ከእነሱ ነው።

የማናችንንም ስም እዚህ አላሰፍርም፤ ከመካከላችን አንዱ ዛሬም ያለ መኖሪያ ወረቀት በሰው አገር ይኖራል። እስር ቤት ውስጥ በየከተማችን ስለምንጠራራ በዚያው እጠራቸዋለሁ፦ ሾኔ፣ ግምቢቹ፣ አንጋጫ፣ ሺንሺቾ። እኔ ሆሳዕና ነኝ። መምህሩን ሁላችንም ቲቸር እንላቸዋለን።

ስለ መንገዱ ለማያውቅ ጥቂት ልበል። ሀዲያና ከምባታ የእንሰት አገር ነው፤ መሬቱ ለም፣ ሰዉ ብዙ። አባቴ የወረሰው ጓሮ ለወንድማማቾች ሲካፈል ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ጎጆ መሥሪያና ጥቂት እንሰት መትከያ ብቻ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. ካከተመ በኋላ የእኛ አገር ልጆች ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ አወቁት፤ በ1990ዎቹ አንዱ ወንድሙን፣ ወንድሙ ደግሞ የአጎቱን ልጅ እየጠራ ሄደ። ብርድ ልብስ ተሸክሞ በየቤቱ በዱቤ መሸጥ፣ ቀጥሎ ልጆቹ ሎኬሽን በሚሉት መንደር ትንሽ ሱቅ መክፈት፣ ከዚያ ለቤተሰብ መላክ። ጆሃንስበርግ ያለውን የጄፒ ጎዳና በስም የማያውቅ የሆሳዕና ወጣት አይገኝም። በከተማችን ከቆሙት ፎቆችም በዚያ ብር የተሠራው ቀላል አይደለም።

ትምህርት ቤቶቻችን የከፈሉትን ዋጋ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያነሣው። ቲቸር ከዱራሜ አካባቢ የሆኑ የሒሳብ መምህር ናቸው። መስከረም ላይ ሙሉ የነበረ ክፍል ጥር ላይ የኋላ ወንበሮቹ ባዶ ይሆናሉ። ስም ሲጠሩ አንዱ ተማሪ ተነሥቶ "መንገድ ላይ ነው ቲቸር" ይላል። ያስተማሩት ልጅ ለአባቱ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ፣ እሳቸው ደግሞ በደመወዛቸው የልጆቻቸውን ጫማ መግዛት ሲያቅታቸው፣ ሰዎች ፊት ለፊት "መማርዎ ምን ፈየደልዎ?" ይሏቸው ጀመር። አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከተማሪዎቻቸው እኩዮች ጋር መንገድ የገቡት ለዚህ ነው። የሄዱበትን ምክንያት ለሰው ሲነግሩ አያፍሩበትም፤ እኔም ሊያፍሩበት የሚገባ ነገር አላይበትም።

በ2004 ዓ.ም. የሀዲያን ዘመን መለወጫ ያሆዴን አክብረን፣ መስቀልን በልተን ተነሣን። ቤተሰቤ ላም ሸጠ፤ የእናቴ ወንድም የዕቁብ ዕጣውን አውጥቶ ሰጠኝ። ደላላው ግማሹን በእጁ ተቀበለ፤ ቀሪው ሳውዝ ስንገባ ሊከፈል ነው። ከሆሳዕና እስከ ጆሃንስበርግ በየብስ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኬንያ፣ ታንዛንያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ዚምባብዌ። ለእኔ ያ ሁሉ አገር በደላላው አፍ የአንድ ትንፋሽ ንግግር ነበር። በሞያሌ ወጥተን ናይሮቢ ገባን፤ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎብን ከረምን። ከዚያ ወደ ድንበሩ ወሰዱንና በሌሊት በእግር ተሻገርን። ማዶ የጠበቀን ዙሪያውን በቆርቆሮ የተዘጋ የጭነት መኪና ነበር።

በሩ ከውጭ ተቀረቀረ። መጀመሪያ ሁሉም ጸለየ። ቀጥሎ ዝም አለ። ሙቀቱ ሲበረታ መጮህና ቆርቆሮውን መደብደብ ተጀመረ። ሹፌሩ ይሰማል፤ አይቆምም። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ የጎለመሰ ሰው ድምፅ "ልጆች፣ ጩኸት አየር ይበላል" አለ። ቲቸርን ያወቅኋቸው በድምፃቸው ነው፤ ፊታቸውን ያየሁት በማግስቱ ነው።

በበሩ ሥር ዝገት የበላው፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበር። ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሁላችንም ብንሻማበት እዚያው ተረጋግጠን እንደምናልቅ ስለገባቸው ሰዉን በተራ ማስጠጋት ጀመሩ። አፉን ቀዳዳው ላይ የደፋው ሰው እሳቸው እስከ ሠላሳ እስኪቆጥሩ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ይነሣና ቀጣዩ ይተኛል። አልነሣም ያለ ነበር። አልተቆጡትም፤ ጀርባውን በእጃቸው እየዳበሱ "ተራህ ይመለሳል፤ እኔ እቆጥርልሃለሁ" አሉት። ተነሣ። የራሳቸው ተራ ሲደርስ እስከ አሥር ብቻ ቆጥረው ተነሡ። ከቁጥሩ ማጉደላቸውን ያወቅነው አጠገባቸው የነበርነው ብቻ ነን፤ እኔ፣ ሾኔና አንጋጫ። ስለ ሰውየው ከዚያ ወዲህ የሰማሁትም ያየሁትም ሁሉ ከዚያ አሥር የወጣ ነው።

ናይሮቢ ላይ የተቀላቀለን አንድ ልጅ ነበር። "ከቀዲዳ ጋሜላ ነኝ" ብሎናል። ጢም አላበቀለም። በእግር ስንጓዝ መዝሙር ያንጎራጉር ነበር፤ ሲደክመን ዝም እንዲል የሚፈልግ አልነበረም። ቆርቆሮው ውስጥ ተራው ሲደርስ በራሱ መሄድ ስላቃተው ተሸክመን አስጠጋነው፤ ቲቸር ለእሱ ሠላሳውን ሁለት ጊዜ ቆጠሩለት። መኪናው ቆሞ፣ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ወደ ጫካው ሲሮጥ ልጁ መተንፈስ አቁሞ ነበር።

መጀመሪያ የደረሱት ገበሬዎች ናቸው፤ ውሃ በባልዲ አመጡልን። ቀጥሎ ፖሊሶች መጡ። አንዱ መዝገብ ከፍቶ በእንግሊዝኛ የሟቹን ስም ጠየቀ። ቲቸር ወደ እኛ ዞሩ። አንዱ "ቀዲዳ እንለው ነበር" አለ። ሌላው "ናይሮቢ ላይ ነው የገባው" አለ። ልጁ አብሮን በልቷል፣ ከእኛ ጋር አንድ ወለል ላይ ተኝቷል፤ ስሙን የሚያውቅ ግን ጠፋ። ፖሊሱ የሆነ ነገር ጽፎ መዝገቡን ዘጋ። ቲቸር መሬት ላይ ተቀመጡ። መኪናው ውስጥ ያልተበገሩት ሰው እዚያ ተሸነፉ፤ እንደ ልጅ አለቀሱ።

ያለፈቃድ አገር ገብታችኋል ተብለን ተፈረደብን። የእስር ቤቱን ስም መጥቀስ አልፈልግም፤ ጠባቂዎቹ ውስጥ ደግ ሰው ነበር፣ ክፉም ነበር። ቦታ ስለሚጠብ በጎናችን እንተኛለን፤ አንዱ ሲገለበጥ ረድፉ በሙሉ ይገለበጣል። ጠዋት ኡጂ የሚሉት ቀጭን ገንፎ፣ ከሰዓት ኡጋሊና ባቄላ መሳይ ጥራጥሬ። ታንዛንያውያን እስረኞች ዋሃበሺ ይሉናል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ረሃቡ አልነበረም። በዚያን ዘመን በታንዛንያ እስር ቤቶች ቅጣታቸውን ጨርሰው እንኳ የሚወጡበት ያጡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ነበሩ። ወደ አገር የሚመልሳቸው ገንዘብ የሚከፍል ወገን ስለሌለ የሚፈቱበት ቀን የለም። ቀኑ የታወቀ እስራት ይቻላል። ቀን የሌለው ግን አእምሮ ይነካል፤ ከእኛ መሀል ከግድግዳ ጋር ማውራት የጀመረ ነበር።

ቲቸር ዝም ብለው የተቀመጡት ለጥቂት ቀን ነው። አንድ ማታ በመኝታ የተጠጋጋነውን አምስታችንን ጠሩን። "ስምህን እስከ አያትህ ንገረኝ" አሉኝ። ነገርኳቸው። "የእናትህ ስም? ቀበሌህ? የምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን? የሚደወልበት ስልክ?" ሁሉንም ነገርኳቸው። ወደ ሾኔ ዞረው "ድገመው" አሉት። ሾኔ ተሳሳተ። "ነገ ማታ እጠይቅሃለሁ፤ ይህ ሰው ቢሞት ለእናቱ የምትደውለው አንተ ነህ" አሉት። እኔ ደግሞ የግምቢቹን እንድይዝ ታዘዝኩ፤ ግምቢቹ የአንጋጫን፣ አንጋጫ የሺንሺቾን፣ ሺንሺቾ የሾኔን። የቲቸርን ሁላችንም ያዝን።

ሺንሺቾ ጋ ስንደርስ ነገሩ ተደናቀፈ። የራሱንና የአባቱን ስም ከተናገረ በኋላ ዝም አለ። በሕፃንነቱ ወላጆቹን ያጣ፣ ሰው ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ የአያቱን ስም የነገረው የለም። በእኛ አገር ሰው ሲተዋወቅ ዘሩን ወደ ላይ ይቆጥራል፤ የማይቆጥር ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያድገው። ቲቸር ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው የእኔን አባት ውሰድ" አሉት። "ሰውየው ደግ ነበር፤ አያሳፍርህም።" ከዚያ ማታ ጀምሮ ሺንሺቾ ስሙን ሲጠራ የቲቸርን አባት ጨምሮ ይጠራል። እኛም በዚያው ያዝነው።

በየማታው እንዲህ እንጠያየቅ ነበር። መጀመሪያ ላይ ለሞት የሚደረግ ዝግጅት ስለመሰለኝ ፈራሁት። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የግምቢቹን እናት ስም በየቀኑ ስጠራ ሴትየዋ ምን እንደምትመስል መጠየቅ ጀመርኩ፤ እሱም ነገረኝ፤ ገበያ የምትውልበትን ቀን፣ ቅቤ የምትሸጥበትን ቦታ፣ ስትቆጣ ምን እንደምትል። ስንጠያየቅ ከርመን የማላውቀው የቤታቸው ጥግ አልነበረም። ወባ ይዞኝ በተዝለፈለፍኩ ጊዜ ሾኔ የእኔን የዘር ቁጥር ጆሮዬ ላይ ይጠራ ነበር፤ ስሜን ከእናቴ ስም ጋር እየሰማሁ እንዴት አድርጌ ልሙት? ቲቸር ሸሚዛቸውን ሸጠው መድኃኒት አስመጡልኝ። ባባ የምንለው አንድ ታንዛንያዊ ሽማግሌ እስረኛ ደግሞ ከቤተሰቡ የመጣለትን ሎሚና ስኳር እያካፈለ አጠጣኝ። ውለታውን የምመልስበት መንገድ አላገኘሁም፤ አምላክ ይክፈለው።

ቀን ቀን ቲቸር ያስተምሩ ነበር። በከሰል ስባሪ ሲሚንቶው ላይ ሒሳብ ይጽፋሉ። "ስንወጣ ምን ያደርግልናል?" ያለ ሰው ነበር። "ስንወጣ ያለህ ማነው? ዛሬ ከሰዓት ምን ትሠራለህ?" አሉት። ቅዳሜ ማታ ደግሞ አንዳችን የቤታችንን የመስቀል ዝግጅት እንድንተርክ ያዙናል። ግምቢቹ የእናቱን አታካና ሲተርክ፣ ቡላው በቅቤ ሲለወስ፣ ወተቱ ሲፈስበት፣ አንጋጫ ተነሥቶ "በቃ! በረሃብ ላይ ይህን መስማት ኃጢአት ነው" ብሎ ጮኸ። ቲቸር ግን እንዲቀጥል አደረጉ። ግምቢቹ ተርኮ ሲጨርስ የጮኸው አንጋጫ ራሱ "የእኛ ቤት ደግሞ እንዲህ ነው" ብሎ ጀመረ።

ሰኔ 2004 ዓ.ም. አንድ ጠባቂ ጋዜጣ ይዞ መጥቶ ለቲቸር ሰጣቸው። በማላዊ ሐይቅ ጀልባ ተገልብጦ 47 ኢትዮጵያውያን መሞታቸው የተሰማው በዚያ ሰሞን ነው። ጥቂት ቀን ሳይቆይ በታንዛንያ ዶዶማ አውራጃ በጭነት መኪና ታፍነው የሞቱ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን አስከሬን ጫካ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ቲቸር እየተረጎሙ አነበቡልን። እኛ የወጣንበትን የመሰለ ቆርቆሮ ነበር፤ በበሩ ሥር ቀዳዳ ያልነበረው። አንብበው ሲጨርሱ ገጹን ገልብጠው ፈለጉ፤ መልሰው ፈለጉ። "ስም የለውም" አሉ። "ቁጥር ብቻ ነው የጻፉት።"

ያን ማታ የእኛን ጥያቄ ስንጀምር ከማዶ ረድፍ አንድ የማናውቀው ልጅ "የእኔንም ያዙልኝ" አለ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ወላይታው፣ ስልጤው፣ እየተነሣ ስሙን እስከ አያቱ ተናገረ፤ አጠገቡ ያለው ደገመለት። ጠባቂው ዝም በሉ ብሎ መጥቶ ነበር፤ ባባ በስዋሂሊ ምን እንደምናደርግ ሲነግረው ፋኖሱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጉባኤ ተቀምጫለሁ፤ እግዚአብሔር በመካከላችን እንዳለ በዚያ ሌሊት ያወቅሁትን ያህል አላወቅሁም።

በ2005 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከታንዛንያ እስር ቤቶች ኢትዮጵያውያንን ሲመልስ እኛም ተራ ደረሰን። ቦሌ ስንወርድ የተሸከምነው ነገር አልነበረም። ከመንገድ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ በእኛ ከተማ ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ያውቀዋል። የተሸጠችው ላም፣ ያልተከፈለው ዕዳ፣ የጎረቤት ዝምታ። ቀን ቀን ከቤት አልወጣም ነበር። ቲቸር ከዱራሜ በሚኒባስ እየመጡ በራችንን ያንኳኩ ነበር። ምክር አልሰጡኝም። "ተነሥ፤ ሾኔ ጋ እንሂድ፤ እሱም እንዳንተ ተሸሽጓል" ይሉኛል። እሱ ጋ ስንደርስ እሱን አስነሥተን ወደ ሌላው እንሄዳለን።

በዚያው ክረምት ለቀዲዳ ጋሜላው ልጅ ቤተሰብ ፍለጋ ወጣን። ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን በእግር ዞርን፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ሐምበሪቾ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ከላያችን ነው። በመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ቲቸር ፈቃድ ጠይቀው ቆሙና በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ልጁ ወጥቶ ድምፁ የጠፋበት ቤተሰብ ካለ እንዲነሣ ጠየቁ። አንድ ቤተሰብ ይነሣል ብለን ነበር። ተራ በተራ የተነሡትን ሳይ ጉልበቴ ተብረከረከ። በሚቀጥለውም ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ፤ ከዚያ በሚቀጥለውም። ከጉባኤ በኋላ እናቶች ከበቡን። ልጁ መዝሙር ይወድ ነበር ስንል "የእኔም ይወድ ነበር" ይላሉ። በግራ እጁ አንጓ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ እንዳለው አይተን ነበር፤ ያንን መለያ እስከ መጨረሻ ደብቀን ያዝን። አንዲት እናት "የእኔ ልጅ ነው" አሉ። ቲቸር ጠባሳው በየትኛው እጁ እንደነበረ ጠየቋቸው። "በቀኝ" አሉ። ፊታችንን አይተው "በግራ ይሁን" አሉ። "ብቻ የኔ ይሁንና ለቅሶ ልቀመጥ።"

ቲቸር የእሳቸው ልጅ ነው አላሉም። አይደለምም ብለው አልተዋቸውም። "እናቴ፣ አላወቅንም" ብለው እግራቸው ሥር ተቀመጡ። እኛም ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ በየመስቀሉ እኚያን እናት እንጠይቃቸዋለን፤ እንሰት ስንተክልላቸው፣ ጣራ ስንጠግንላቸው ዓመታት አለፉ። ልጃቸው አልደወለም። እሳቸው ግን የአምስታችንንም እናት ስም ያውቃሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ቲቸር ወደ ማስተማር ተመለሱ። እኔ መለዋወጫ ሱቅ ተቀጠርኩ፤ ሾኔና ግምቢቹ በዕቁባችን ባጃጅ ገዙ። ሺንሺቾ ያገባ ጊዜ የልጅቱ ሽማግሎች ዘሩን ሲጠይቁት ቲቸር አባት ሆነው ተቀምጠው ነበር፤ አያቱን ሲጠራ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አንጋጫ በ2007 ዓ.ም. ተመልሶ መንገድ ገባ። ሊሰናበተን ሲመጣ እኔ ተቆጣሁ፤ ቲቸር ግን "ተው ብለው ይቀራል? ዕዳው እኮ የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው "አብረውህ የሚሄዱትን ሁሉ ስም እስከ አያታቸው ያዝ" አሉት። ይዞ ሄደ፤ ደረሰ፤ አብረውት የነበሩትም ደረሱ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጆሃንስበርግ ውስጥ የውጭ ዜጎች ሱቅ ሲዘረፍና ሲቃጠል አንጋጫ በሱቁ ጓዳ ተቆልፎ አደረ። ሌሊቱን በሙሉ ስልኩን አልዘጋንም፤ ቲቸር ጀመሩ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሾኔ፣ እየተቀባበልን እስኪነጋ አወራነው። ስለምን እንዳወራን ዛሬ ቢጠይቁኝ አብዛኛውን አላስታውስም፤ የቅቤ ዋጋ፣ የማን ላም እንደወለደች።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ከአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ናቸው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ የኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ አስከሬኖች የሞሉት የጅምላ መቃብር ተገኘ። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ፣ መንገድ ዳር 27 ሬሳ ተጥሎ ተገኘ። በእያንዳንዱ ዜና ሆሳዕናና ዱራሜ ውስጥ ስልክ ይደወላል፤ ማን መንገድ ላይ እንዳለ በየቤቱ ይጠየቃል። በ2012 ዓ.ም. በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ከባድ ቅጣት አለው፤ ደላላው ግን የጎረቤት ልጅ ነው፤ የሚመሰክርበት አይገኝም። ሕጉ ይሥራ፤ እኔ የምለው ሌላ ነው። ከየቀበሌው ማን እንደወጣ የሚመዘግብ የለም። ፎቁን ሁላችንም እንቆጥራለን።

ቲቸር የመንገደኛን ስም የመመዝገቡን ሥራ ለእድሮች ሊያስረክቡ ይፈልጋሉ። እድር ለቀብር ብቻ ነው ለሚላቸው ሰው ዶክተር ቦጋለች ገብሬን ያነሣሉ። ቦጋለች የከምባታ ልጅ ናቸው፤ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት መሥርተው ሰዉን በየእድሩ እያወያዩ፣ በከምባታ ሁሉም ሴት ልጅ ይገረዝበት የነበረውን ልማድ ከመቶ ወደ ጥቂት አውርደውታል። በ2005 ዓ.ም. የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት ተቀበሉ፤ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. አረፉ። ቲቸር በሬዲዮ ሲሰሟቸው ኖረዋል። "እሳቸው እናቶች አፍ አውጥተው ሊናገሩት የማይችሉትን ነገር በእድር አናገሩ፤ እኛ የልጅ ስም ማስመዝገብ ያቅተናል?" ይላሉ። አሁን እኔ አባል የሆንኩበት እድርና በሺንሺቾ ያለ አንድ እድር ደብተር ከፍተዋል። ልጅ ሊወጣ ሲል ቤተሰቡ በድብቅም ቢሆን መጥቶ ስሙን እስከ አያቱ፣ የሰውነት ምልክቱን፣ አብሮት የሚሄደውን ያስመዘግባል። ደብተሩን ደላላም ፖሊስም አያየውም።

በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ አምስታችን እንገናኛለን፤ አንጋጫ በስልክ። ቲቸር ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ደብተሩን የምናነብላቸው እኛ ነን። ምሳ ከተበላ በኋላ ዛሬም ይጠይቁናል፤ አሁን የሚጠይቁን የልጆቻችንን ስም ጨምረው ነው። ልጄ የሾኔን አያት ስም ያውቃል። ይህን ያህል የሚያውቀኝ ሰው መኖሩ፣ ብጠፋ ፈልጎ የማያቆም ሰው መኖሩ፣ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ልቤን ያሰፋዋል። ደስታ የምለው ይህን ነው፤ በሳውዝ ፈልጌው ነበር።

አንድ ያልጨረስነው ነገር አለ። ልጁ ከቀዲዳ ጋሜላ ነኝ ብሏል፤ ናይሮቢ የደረሰው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነው። ቁመቱ መካከለኛ፣ ቀይ ዳማ፣ በግራ እጁ አንጓ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ክርኑ ላይ በቀይ ክር የተጠገነ፤ የጠገነችው ሴት ታውቀዋለች። የተቀበረበትን መንደር ቲቸር ጽፈው ይዘዋል። ዘመዱ ከዚያ አካባቢ የወጣበት ሰው ይህን ካነበበ ወይም ለሚያውቀው ካነበበለት፣ በሆሳዕናም በሺንሺቾም የመንገደኞች ደብተር ብሎ እድሮችን ቢጠይቅ ያገኘናል። በማንኛውም ሰዓት ይምጣ።